ዜሮ ፐርሰንት ተብዬ ነበር፣ ወለዱ ከየት መጣ?

የአንባቢዋ ደብዳቤ

ሰላም እትዬ፣ እንደምን አሉ? ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ዛሬ የራሴን ጉዳይ ይዤ መጣሁ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ አዲስ አበባ ታማ በነበረ ጊዜ ለሕክምናዋ ስል በክሬዲት ካርድ 6,000 ዶላር እዳ ገባሁ። ወለዱ 27 በመቶ ነበር። በየወሩ 135 ዶላር ለወለድ ብቻ ሲሄድ እያየሁ እንቅልፍ አጣሁ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ «ባላንስ ትራንስፈር አድርጊ» አለችኝ። ከሌላ ባንክ ለ15 ወር ዜሮ ፐርሰንት የሚል ካርድ አወጣሁና እዳውን አዘዋወርኩ። ለማዘዋወሪያ 5 በመቶ፣ ማለትም 300 ዶላር ጨመሩብኝ። እሱን አውቄው ነው የገባሁበት። አዲሱ ካርድ ነጥብ ስለሚሰጥ አስቤዛና ቤንዚን በሱ መግዛት ጀመርኩ፤ በወር 600 ዶላር ገደማ ነው። ቢሉ ሲመጣ 600ውን ሙሉ እከፍላለሁ፣ ለእዳው ደግሞ 100 እጨምራለሁ። አራት ቢል ከፍያለሁ፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። ግን በየወሩ ወደ 18 ዶላር ወለድ ይጽፉብኛል። ደውዬ ስጠይቅ «የግዢ ወለድ ነው፣ 28 በመቶ ነው» አሉኝ። የገዛሁበትን ከከፈልኩ የምን የግዢ ወለድ ነው? እዳ ከሜዳ ሆነብኝ።

የወለዱን ነገር ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም። እሱ «15 ወሩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ካርድ እናዞረዋለን» እያለ ነው። ባንኩ ደግሞ ስሜ የታተመበት ቼክ በፖስታ ልኮልኛል፤ ለወንድሜ ገንዘብ ልልክበት አስቤ ነበር። አሥር ሆነን በወር 500 ዶላር የምንጥለው እቁብ አለኝ። የመጨረሻውን እጣ አስይዣለሁ፣ ከስድስት ወር በኋላ 5,000 ዶላር ይደርሰኛል። በሱ ልጆቼን ይዤ እናቴን ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። ለክፉ ቀን ያስቀመጥኳት 1,100 ዶላርም አለች። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እናትሽ እንዴት ሆኑልሽ? ደብዳቤሽን ሳነብ ቀድመው የመጡብኝ እሳቸው ናቸው። ለእናት ሕክምና የተገባ እዳ አንገት የሚያስደፋ አይደለም። ግን ከትከሻሽ መውረድ አለበት። ይወርዳልም፣ ጊዜ አለሽ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። እዳውን ማዘዋወርሽ ስህተት አልነበረም። በድሮው ካርድ ላይ ብትቆዪ ዋናው ሳይነካ በ15 ወር ወደ 2,000 ዶላር ለወለድ ብቻ ትከፍዪ ነበር። ያንን ለማስቀረት 300 መክፈል ያዋጣል። ችግሩ የመጣው ካርዱን ይዘሽ አስቤዛ ስትወጪ ነው። እሱንም ያንቺ ጥፋት ብቻ አድርጌ አላየውም። ዜሮው በፖስታው ላይ በትልቁ ይታተማል፣ ይሄኛው በደቃቅ ፊደል ውስጥ ይቀመጣል። ይሄንን ጥያቄ ከሹፌርም፣ ከነርስም፣ ከሒሳብ ሠራተኛም ሰምቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በክሬዲት ካርድ ስትገዢ ባንኩ የእፎይታ ጊዜ ይሰጥሻል። እዚህ ግሬስ ፒሪየድ የሚሉት እሱን ነው። ወሩ ተዘግቶ ስቴትመንት፣ ማለትም የወሩ ቢል፣ ከወጣ በኋላ ቢያንስ 21 ቀን አለሽ። በዚያ ውስጥ ከከፈልሽ በገዛሽበት ላይ ወለድ የለም። ብዙዎቻችን ይሄን ሁልጊዜ ያለ ነገር አድርገን እንቆጥረዋለን። ግን ቅድመ ሁኔታ አለው። እፎይታው የሚሰጠው ስቴትመንቱ ላይ የተጻፈውን ሒሳብ ጠቅልሎ ለሚከፍል ሰው ነው። ጠቅልሎ ማለት ያዘዋወርሽው 6,300 ዶላርም ጭምር ማለት ነው።

አንቺ የገዛሽበትን 600 ጨርሰሽ ከፍለሻል። በባንኩ መዝገብ ግን 6,900 ዶላር ካለበት ሒሳብ 700 ብቻ የከፈለች ደንበኛ ነሽ። ስለዚህ እፎይታው ተነሥቷል። ከዚያ ወዲህ የምትገዢው እያንዳንዱ ነገር ከገዛሽበት ቀን ጀምሮ ወለድ ይቆጥራል። ቀን ባታሳልፊም ይቆጥራል።

አንድ ቅዳሜን እንይ። ልጆቹን ይዘሽ ሱቅ ገባሽ። የጤፍ ዱቄት፣ ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ዶሮ፣ የልጆቹ ወተት። 200 ዶላር ሆነ፣ ካርዱን ሰጠሽ። 28 በመቶ ለ365 ቀን ሲካፈል በ200 ዶላር ላይ በቀን 15 ሳንቲም ነው። ምንም አይመስልም። ግን ያ አስቤዛ ወሩ እስኪዘጋ 15 ቀን፣ ቢሉን እስክትከፍዪ ደግሞ 25 ቀን ይቆያል። በ40 ቀን 6 ዶላር ከ14 ሳንቲም ይሆናል። እንጀራው ተጋግሮ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ወለዱ ገና ይሄዳል። በወር ሦስት እንዲህ ያለ ቅዳሜ ቢኖርሽ ያቺ 18 ዶላርሽ መጣች። ነጥቡስ? 1 በመቶ ቢሰጡሽ በ600 ዶላር ግዢ 6 ዶላር ነው። 18 ሰጥተሽ 6 ትቀበያለሽ ማለት ነው።

የ18 ዶላሩ ነገር ግን ትንሹ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ነው። «ለእዳው 100 እጨምራለሁ» ብለሻል። ያ 100 ወዴት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ?

እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ የፈረሙት የክሬዲት ካርድ ሕግ አለ። ከሱ በፊት ባንኮች የከፈልሽውን ሁሉ ዝቅተኛ ወለድ ባለው እዳ ላይ ያውሉት ነበር። ዜሮው እዳ ይቀንሳል፣ 28ቱ ሳይነካ ይቆያል። ሕጉ ይሄንን አስቀረ። አሁን ከሚኒመም ፔይመንቱ፣ ማለትም በወሩ ቢያንስ መከፈል ካለበት፣ በላይ የምትከፍዪው ሁሉ መጀመሪያ ከፍተኛ ወለድ ያለበትን እዳ ይዘጋል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ለአንቺም ጠቅሞሻል። ሚኒመሙን ግን ባንኩ በፈለገው ላይ ማዋል ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ዜሮው ላይ ነው የሚያውሉት።

ብዙ ባንኮች ሚኒመሙን የሚያሰሉት ከጠቅላላው እዳ 1 በመቶ ወስደው የወሩን ወለድ በመደመር ነው። ያንቺ 69 ሲደመር 18፣ ማለትም 87 ዶላር ገደማ ይሆናል። ከምትከፍዪው 700 ውስጥ ያዘዋወርሽውን እዳ የሚነካው እሱ ብቻ ነው። የቀረው 613 አስቤዛውና ወለዱ ላይ ይውላል። በአማካይ በወር 85 ብንል በአራት ወር የወረደው 340 ነው። ዛሬ ያለሽ እዳ ወደ 5,960 ዶላር ነው።

በዚሁ ከቀጠልሽ 15 ወሩ ሲያልቅ 5,000 ዶላር ገደማ ይቀርሻል። በማግስቱ 28 በመቶ ይጀምራል፤ ይሄ በወር 117 ዶላር ወለድ ነው። ከ135 ሸሽተሽ፣ 300 ከፍለሽ፣ 117 ላይ ማረፍ ማለት ነው። 6,300ውን በ15 ወር እኩል ብታካፍዪው ኖሮ በወር 420 ይበቃ ነበር። በቀሩት 11 ወራት ለመጨረስ አሁን 542 ያስፈልጋል። ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን መንገድ አለው፣ እመጣበታለሁ።

ይሄን ያልኩሽን በእኔ ቃል ብቻ እንዳትቀበዪ። ስቴትመንትሽን አውጪና የመጀመሪያውን ገጽ እለፊው። የምትፈልጊው ሠንጠረዥ ወደ መጨረሻው ገጽ ላይ ነው። ርዕሱ የወለድ ስሌት፣ ኢንተረስት ቻርጅ ካልኩሌሽን የሚል ነው። ግዢ፣ ባላንስ ትራንስፈር፣ ካሽ አድቫንስ (በካርዱ የሚወሰድ ጥሬ ገንዘብ) እያለ በየመስመሩ ይለየዋል። በባላንስ ትራንስፈሩ መስመር ላይ ዜሮ ታያለሽ። በግዢው መስመር ላይ 28 በመቶ፣ ወለድ የታሰበበት የገንዘብ መጠን፣ ከዳር ደግሞ ያቺ 18 ዶላር አለች። ብዙ ጊዜ የዜሮው ማብቂያ ቀንም እዚያው ተጽፏል። እሱን ቀን አክብቢው። 15 ወሩ የሚቆጠረው ካርዱ ከተከፈተበት ቀን ሊሆን ይችላል፣ እዳው ከተዘዋወረበት ቀን ሳይሆን። ማዘዋወሩ ሁለት ሦስት ሳምንት ፈጅቶ ከሆነ እሱም ከ15 ወሩ ውስጥ በልቷል።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ ሌላ ሣጥን አለ። ሚኒመሙን ብቻ ብትከፍዪ እዳው በስንት ዓመት እንደሚያልቅ ይነግርሻል። በ3 ዓመት ለመጨረስ በወር ስንት እንደሚያስፈልግም ይጽፋል። ይሄም በዚያው ሕግ የመጣ ነው። ማንም አያነበውም። እባክሽ አንቺ አንብቢው።

የእፎይታው ነገር ባንቺ ብቻ የደረሰ አይደለም። የፌዴራሉ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2014 ለባንኮች ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ዜሮ ወለድ እያላችሁ ስታስተዋውቁ ደንበኛው በአዲስ ግዢ ላይ እፎይታውን እንደሚያጣ በግልጽ ካልነገራችሁ ማሳሳት ሊሆን ይችላል የሚል ነው። ስለዚህ ደውዪላቸው። ይሄ ሁኔታ በማስታወቂያው ላይ በግልጽ እንዳልተነገረሽ ንገሪያቸውና እስካሁን የተቆረጠው ወለድ እንዲመለስልሽ ጠይቂ። ግዴታ የለባቸውም። ግን ቀን አሳልፎ ለማያውቅ ደንበኛ ሲመልሱ አይቻለሁ። ጠይቆ ማጣት አያሳፍርም።

እዚህ ላይ በራሴ የደረሰውን ላንሣ፤ ብዙ አንባቢ ሁለቱን ያምታታልና። አሌክሳንድሪያ እያለን አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ገብተን ሶፋ ገዛን። 1,400 ዶላር ነበር። የሱቁን ካርድ ከወሰዳችሁ ለ12 ወር ወለድ የለም ተባልን። በየወሩ እየከፈልን ቆየንና መጨረሻ ላይ 60 ዶላር ስትቀር ወሩ አለፈ። የመጣው ቢል ላይ ወደ 200 ዶላር ወለድ ነበረበት። ለካ ወለዱ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በስውር ሲቆጠር ኖሯል። ሙሉውን በጊዜው ከጨረስሽ ይሰረዛል፤ አንድ ዶላር ከቀረ የዓመቱ ሁሉ ይመጣል። ስሙ ዲፈርድ ኢንተረስት ይባላል። በሱቅ ካርዶችና በጥርስ ሐኪም ቤት ካርዶች ላይ የተለመደ ነው። መለያው አንዲት ቃል ናት፦ ወለድ የለም «ከጨረሳችሁ» የሚል ካለ እሱ ነው። ያንቺ እንደዚህ አይደለም። ያንቺ እውነተኛ ዜሮ ስለሆነ 15 ወሩ ሲያልቅ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚቆጠርብሽ የለም። በቀረው ላይ ብቻ ነው የሚጀምረው። ይሄንን ቢያንስ በሰላም ተኚበት።

አሁን ወደ ሥራው። ካርዱን ዛሬውኑ ከቦርሳሽ አውጪው። ከስልክሽም አጥፊው። ኔትፍሊክስ፣ የስልክ ቢል፣ ኢንሹራንስ፣ በራሱ የሚቆረጥ ነገር ሁሉ ከሱ ላይ ይውረድ። እነዚህ ይረሳሉ፤ አንዲት የ15 ዶላር ክፍያ ስትቀር ግዢው እንደገና ወለድ ይጀምራል። አስቤዛና ቤንዚኑ በዴቢት ካርድ ይሁን። ግዢውንም ዜሮ የሚያደርጉ ካርዶች፣ ያዘዋወርሽውን ሳይቆጥሩ እፎይታ የሚሰጡም ባንኮች አሉ፤ ያንቺ ግን እንዳልሆነ ቢሉ ራሱ ነግሮሻል።

ሽግግሩ የሚያም አንድ ወር አለው። ያለፈው ወር 600 ገና አልተከፈለም፣ የዚህ ወር አስቤዛ ደግሞ ከኪስ ሊወጣ ነው። ሁለቱ ይደራረባሉ። ብዙ ሰው ከዚህ ነው የሚመለሰው። ለክፉ ቀን ካስቀመጥሻት 1,100 ውስጥ 600 አውጪና የግዢውን እዳ ዝጊው። ይሄ ክፉ ቀን ነው። የቀረችው 500 አትነካ። ወር ላይ ትንሽ ወለድ ብታዪ አትደንግጪ። ስቴትመንቱ ከወጣበት እስከ ከፈልሽበት ቀን ያለው ነው፣ እሱን ከፍለሽ ያልቃል።

የድሮውን ካርድስ አይተሽዋል? እዳው ሲዘዋወር በመሃል ባሉት ቀናት የቆጠረ ወለድ አለ፣ አምስት አሥር ዶላር ይሆናል። ብዙዎች ካርዱ ዜሮ ገባ ብለው ስቴትመንቱን አይከፍቱም። ያቺ ትንሽ ገንዘብ ሳትከፈል ቀርታ የዘገየ ክፍያ ቅጣት ትጨምራለች፣ ከዚያ ክሬዲት ታበላሻለች። ዛሬ ማታ ግቢና እዪው።

አሁን እቁቡ። ደብዳቤሽን ሁለተኛ ሳነበው መፍትሔው እዚያ ውስጥ ተቀምጧል አልኩ። ካርዱን መጠቀም ስታቆሚ ለቢል ትከፍዪው የነበረው 600 ለአስቤዛ ይሆናል። 100ው ይቀራል። 60 ጨምሪበትና 160 አድርጊው። ስድስት ወር በ160 ስትከፍዪ 960 ነው። እዳው 5,000 ላይ ይወርዳል። ያኔ እጣሽ ይደርሳል፣ 5,000 ዶላር በእጅሽ ነው። ሁሉንም ለባንክ ስጪ አልልሽም። 3,000 ለእዳው ይሁን፣ 2,000 ይቀራል። የመጨረሻዋ እጣ ባለቤት ስለሆንሽ እቁቡ አብሮ ይዘጋል። በየወሩ የምትጥዪው 500 ነጻ ወጣ ማለት ነው። እሱን አራት ወር ለካርዱ ስትጥዪ 2,000ው አለቀ። ጠቅላላው አሥር ወር ነው፣ ዜሮው ሊያበቃ አንድ ወር ሲቀረው ጨረስሽ። ያቺን አንድ ወር ሆን ብዬ ነው የተውኳት፣ ቀኑ ካሰብሽው ቀድሞ ቢያልቅ እንዳይደርስብሽ።

አንድ ነገር ግን አደራ። እቁቡ ሲዘጋ ወዲያው አዲስ ዙር ይጀመራል፣ ሰብሳቢዋ ትደውላለች፣ «አንቺማ አትቀሪም» ይባላል። ለዚህ ዙር እለፉኝ በያቸው። አራት ወር እቁብሽ ካርዱ ነው።

ለእናትሽ የምትቀረው 2,000 ዶላር ሁለት ልጆችን አትችልም፣ አንቺን ግን ትችላለች። ክረምት ገብቶ ትምህርት ሲዘጋ ትኬት ይወደዳል፣ ከዚያ በፊት ብቻሽን ሂጂ። ልጆቹን በቪዲዮ አሳዪያቸው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ይመጣሉ። እናት እዳሽን ጨርሰሽ ነይ አይሉም፣ ነይ ነው የሚሉት። አለመሄድሽን እኔም አልመክርም።

ሚኒመሙን በየወሩ በራሱ እንዲከፈል በኦቶፔይ አስይዢው፣ ቀሪውን በእጅሽ ክፈዪ። አንድ ቀን ብታሳልፊ ዜሮው ይወድቃል ብለው የሚያስፈራሩሽ ይኖራሉ። የዘገየ ክፍያ ቅጣት ይመጣል እንጂ ባዘዋወርሽው እዳ ላይ ወለዱን ከፍ ማድረግ የሚችሉት ከ60 ቀን በላይ ስትዘገዪ ነው። ይሄም ያው የ2009 ሕግ ነው። ቢሆንም ወደዚያ አትጠጊ።

ቼኩን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው፤ ቅደጂው። እነዚያ ቼኮች ከባንክ ሒሳብሽ የሚወጡ አይደሉም፣ በክሬዲት ካርዱ ላይ የሚጻፉ አዲስ ብድሮች ናቸው። ቼኮቹ ያሉበት ገጽ ላይ ወለዱ፣ ማዘዋወሪያ ክፍያው፣ እፎይታ ይኑረው አይኑረው መጻፍ ግዴታቸው ነው። አንዳንዱ እንደ ካሽ አድቫንስ ይቆጠራል። ካሽ አድቫንስ ላይ እፎይታ የሚባል ነገር የለም፣ ወለዱም ብዙ ጊዜ ከግዢው ይበልጣል።

ይሄንን ያነሣሁት ለሌላም ነው። ወደ አገር ቤት ገንዘብ በስልክ መተግበሪያ የምትልኩ ሁሉ ይሄንን ልብ በሉ። ክፍያውን በክሬዲት ካርድ ስታደርጉት ብዙ ባንኮች እንደ ካሽ አድቫንስ ይመዘግቡታል። የመላኪያውን ክፍያ ትከፍላላችሁ፣ በላዩ የካሽ አድቫንስ ክፍያ፣ ብዙ ጊዜ 5 በመቶ፣ በላዩ ደግሞ ከዚያችው ቀን የሚጀምር ወለድ። ለወንድምሽ 300 ስትልኪ የ15 ዶላር ክፍያ እዚያው ተቆረጠ ማለት ነው። ያንቺ 6,000 ውስጥም የእናትሽ ሕክምና ገንዘብ የተላከበት መንገድ ይሄ እንዳይሆን እፈራለሁ። ከእንግዲህ የምትልኪው ከዴቢት ካርድ ወይም ከባንክ ሒሳብ ብቻ ይሁን። ለወንድምሽም ዘንድሮ ትንሽ ታገሠኝ ማለት ይቻላል። እህቱ ነሽ፣ ይገባዋል።

የባለቤትሽ ሐሳብ ብዙ ቤት ውስጥ አለ። አንዴ ከተሳካ ሁለተኛም ይሳካል ነው። ግን እያንዳንዱ ዙር 3 ወይም 5 በመቶ ይወስዳል። 5,000 ሲዞር 250 ይጨምራል። የሚቀጥለው ባንክ ይፈቅድ አይፈቅድም የሚታወቀው በዚያን ቀን ነው። ቢፈቅድም ጣሪያው 2,000 ሊሆን ይችላል። በዚያው ባንክ ካርዶች መካከል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማዞር አይቻልም። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ያዞሩትን ሰዎች ሳይ አብዛኞቹ እዳቸው ሲያድግ እንጂ ሲያልቅ አላየሁም።

የእቁቡ ሐሳብ ቢከሽፍ፣ ሥራ ቢጠፋ፣ እጣው ቢዘገይ፣ ካርድ ከመፈለግ ክሬዲት ዩኒየን፣ ማለትም የአባላቱ የሆነ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ሂዱ። የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች በአብዛኛው ብድርም ሆነ በካርድ ላይ የሚጠይቁት ወለድ 18 በመቶ ጣሪያ አለው። የተቆረጠ ወርኀዊ ክፍያ ያለው ብድር፣ መጨረሻው ቀን የታወቀ፣ ከ28 በመቶ ካርድ ይሻላል። ስቴትመንትሽ ላይ በነጻ የሚደወልበት የእዳ አማካሪ ቁጥርም አለ። ለትርፍ ያልቆሙ ናቸው፤ ደውሎ መጠየቅ እዳ አይጨምርም።

ለባለቤትሽ ንገሪው። 18 ዶላሯን ደብቀሽ አሥር ወር መቆየት አትችይም፤ 500ው ለካርዱ መዞሩን፣ እቁቡ ለአንድ ዙር መቅረቱን፣ ካርዱ ከቤት መውጣቱን እሱም መስማማት አለበት። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልጆቹ ሲተኙ ቡናውን አፍዪ። በመጀመሪያው ገጽ አትጀምሪ፣ እሱ ላይ ወለዱ ከየት እንደመጣ አይታይም። ሠንጠረዡ ያለበትን የመጨረሻውን ገጽ ፊቱ አስቀምጪና የግዢውን መስመር በጣትሽ አሳዪው። ሂሳቡን ራሱ ይሥራው። ከዚያ የዜሮውን ማብቂያ ቀን ከወረቀቱ ላይ ገልብጣችሁ ፍሪጁ ላይ ለጥፉት።

ቀኑ ስንት ላይ እንደዋለ ጻፊልኝ። ከ15 ወሩ ያጠረ ከሆነ ወርኀዊ ክፍያውን አብረን እናስተካክለዋለን።